የወረቀቱ ታችኛው ግማሽ

«የማን ሐሳብ ነው ብለው ከጠየቋችሁ የመሥራቹ ነው በሉ። ፊርማው አለበት አይደል? በቃ! የሞተ ሰው አይከስም።»

እንዲህ ያለው የፈጠራ ክፍሉ ኃላፊ ነው። በሳሙና ፋብሪካው ምድር ቤት፣ በመዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሃል ወትፎ ያወራል። መዝገብ ያዥዋ ከሦስተኛው መደርደሪያ ጀርባ ተንበርክካ አይጥ የቦረቦረውን ካርቶን ስትቀይር ሰማችው። እሱ አላያትም፤ ቢያያትም ድምፁን አይቀንስም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያ አቧራ ስትጠርግ የኖረች ሴት ለሱ ከመደርደሪያዎቹ አንዷ ናት። ነጭ ጫማው እንዳይቆሽሽ በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ደረጃውን እስኪወጣ ድረስ ትንፋሿን ይዛ ቆየች። መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ እንደ ልማዷ ክፉው ነበር። ነገ ውሸቱ የወጣ ዕለት፣ ወረቀቱ በማን እጅ ነበር ተብሎ የምጠራው እኔ ነኝ፤ የምባረረውም እኔ ነኝ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላ የምትይዝ፣ ቤቷን ቆልፋ ሁለት ጊዜ ተመልሳ እጀታውን የምትነካካ ሴት ናት። ሠራተኛው «እትዬ ፋይል» ይላታል። ስታልፍ «እትዬ ፋይል፣ ዛሬስ ጣራው አይወድቅብንም?» እያለ ያሾፍባታል።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ወር በፊት ነው። ኃላፊው ከአንድ ሥልጠና ተመልሶ መጣና፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አዲስ ነገር የሚፈጥሩት የድሮ ወረቀታቸውን እያገላበጡ ነው፣ የኛም ወርቅ ምድር ቤት ተቀብሯል ብሎ ስብሰባ ጠራ። እስከዚያ ቀን ድረስ መዝገብ ቤቱን የሚጎበኙት አይጥና ኦዲተር ብቻ ነበሩ። አምፖል ይቀየርልኝ ብላ አራት ዓመት ደብዳቤ የጻፈችበት ክፍል በሁለት ቀን ውስጥ ቀለም ተቀባ። ጓንት ያጠለቁ ወጣቶች ወረዱ፤ የድሮ ደረሰኝ ባዩ ቁጥር ጫጩት እንዳየ ልጅ «ወይኔ! ወይኔ ሲያምር!» ይሉ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ የገዛ ልጇ ናት፤ በኮንትራት ከተቀጠረች ያኔ ሁለት ወሯ ነበር። ከሁሉም የማረካቸው የሐሳብ መስጫ ሳጥኑ ነው። ድሮ በፋብሪካው በር ላይ የብረት ሳጥን ተሰቅሎ ነበር። ሠራተኛው ሥራውን የሚያሻሽል ሐሳብ ሲመጣለት ለዚሁ በታተመ ወረቀት ላይ ጽፎ እዚያ ይከታል። ወረቀቱ መሃሉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል የመቅደጃ መስመር አለው። ላይኛው ግማሽ ለሐሳቡ ነው፤ ታችኛው ለስም፣ ለመለያ ቁጥርና ለሥራ ክፍል። ኮሚቴው ሰው አይቶ እንዳያዳላ ታችኛው ተቀድዶ ለብቻው በፖስታ ይቀመጣል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሁለቱም ላይ የታተመው ተራ ቁጥር ብቻ ነው። እሷ ላይኛውንም ታችኛውንም አውጥታ ስታቀርብላቸው ኃላፊው የላይኛውን ክምር ወደ ራሱ ሳበ፤ ታችኛውን በእጁ ጀርባ ገፋው። «ስሙን ተይው እናቴ፣ ስም ምን ያደርግልናል? እኛ የምንፈልገው ሐሳቡን ነው።» ያኔ እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር። ይጠፋብኛል ብላ የምትጨነቅበትን ወረቀት በግማሽ ቀነሰላት።

አሁን ግን አላስቻላትም፤ ወደ ላይ ወጣች። ዕለቱ አዲሱ ሳሙና ለእንግዶች የሚታይበት ነው፤ ደረጃው ላይ ከእሷ ቁመት የሚበልጥ ፖስተር ተሰቅሏል። «ከመሥራቻችን እጅ ወደ እጅዎ» ይላል። ከጽሑፉ ሥር በእርሳስ የተሳለች ጎድጓዳ ሳሙና አለች፤ ከሥዕሉ ግርጌ በወፍራም ቀይ እርሳስ የመሥራቹ ፊርማ። ጥጉ ላይ፣ ማንም ልብ በማይለው ቦታ፣ ቁጥሩ ይነበባል፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት። ተመልሳ ወርዳ ዋናውን አወጣችው። ለራሷ «ምን አስቸኮለሽ፣ ወረቀት ነው» አለች። ዋናው ላይ ሥዕሉ ያው ነው። ከጎኑ ክብ ክብ ባሉ ፊደላት «ሳሙናው እንደዚህ ሆኖ ቢታተም ብዙ ቀን ይቆያል፤ ለድሃ ቤት ይጠቅማል፤ ዝርዝሩ ከጀርባ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ ያለው የሳጥኑ ደንብ ብቻ ነው፣ በማተሚያ ቤት የታተመ። መልሳ ገለበጠችው። ፖስተሩ ላይ የሌለ ነገር እዚህ አለ። ከፊርማው በላይ፣ በዚያው ቀይ እርሳስ፣ «ሳሙናው ካልሟሟ ምን ልንሸጥ ነው?» ይላል። ፖስተሩ ላይ ይህ ዐረፍተ ነገር ተጠርጎ ወጥቶ ፊርማው ብቻ ቀርቷል። ሐሳቡን አልቀበልም ብሎ የፈረመው ሰው ነው የሐሳቡ ባለቤት የተደረገው። 

የታችኛዎቹን ግማሾች ፖስታ ፈታችና ቁጥር ስትቆጥር ቆየች። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት። ሁለት መቶ አሥራ አራትን ስታገኘው ስሙን ከማንበቧ በፊት ፊደሎቹን አወቀቻቸው። አንደኛ ክፍል ሳለች ደብተሯ ላይ ስሟን እየጻፉ ያስተማሯት ፊደሎች ናቸው። የእናቷ ስም ነው። ክፍል፣ ማኅተም ክፍል፤ ሳሙናው ቅርጹን የሚይዝበት። ከሥሩ በቀይ እርሳስ፣ «ወደ ኮስቲክ ክፍል ትዛወር» የሚል ትእዛዝ፤ ያው ፊርማ። ኮስቲክ ክፍል ቆዳ የሚበላው የሳሙና ሶዳ የሚበጠበጥበት ነው።

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷ አንድ ቀን እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንደዚያው ነበር። የእጃቸው ቆዳ እንደ ወተት ስልባቦት ይነሣል፤ ሲያጎርሷት አፏን የሚሞላው እህሉ ሳይሆን የሚያቃጥል የኮስቲክ ሽታ ነበር፤ አንዳንዴ ፊቷን ታዞርባቸዋለች። ከማኅተም ክፍል ለምን እንደወጡ ጠይቃቸው አታውቅም፤ እሳቸውም ነግረዋት አያውቁም። ለካስ ምክንያቱ ከጀርባዋ ሁለት እርምጃ ርቆ ሃያ ስድስት ዓመት በፖስታ ተቀምጦ ኖሯል። አቧራውንም የምትጠርግለት እሷው ነበረች።

ልጇን ያገኘቻት ኮሪደር ላይ ነው። ቁመቷን የሚያሳምር ቀሚስ ለብሳ፣ የስጦታ ሳጥኖች ደርድራ ትቆጥራለች። እናቷ ታችኛውን ግማሽ ወረቀት ከደረቷ አውጥታ አሳየቻት። ልጅቷ ቁጥሩንና የአያቷን ስም አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና መልሳ እናቷን አስጨበጠቻት።

«እማዬ፣ አሁን ነው ይሄን የምታመጪው?»

«አሁን ነው ያየሁት።»

«ከሰዓት ቋሚ ውል እፈርማለሁ እኮ! ሳጥኑ ታትሟል፣ ፖስተሩ ታትሟል፣ ጋዜጠኛው ደጅ ቆሟል። እማማም ረስታዋለች፤ ብታስታውሰው ኖሮ እስከ ዛሬ ትነግረን ነበር።»

«እጇን ረሳችው?»

ልጅቷ የእናቷን አንገትጌ አስተካከለች፤ ቀረብ ብላ አሸተተቻትና ከቦርሳዋ ሽቶ አውጥታ ሁለት ጊዜ ረጨችባት። «ምድር ቤት ምድር ቤት ትሸቻለሽ» አለች፤ በክፋት ሳይሆን የልብስ ክር እንደምታነሳ ሰው ነው። ከዚያ ወደ ሳጥኖቿ ተመለሰች። መዝገብ ያዥዋ ወረቀቱን መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ ውሏን ካልፈረመች የሚሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰበችው፤ የቤት ኪራዩን፣ የእናቷን መድኃኒት፣ የጎረቤቱን ወሬ፣ ልጅቷ ጥግ ይዛ የምታለቅሰውን ልቅሶ። ክፉ ክፉውን ማሰብ ስለምታውቅበት ለመጨረስ ጊዜ አልወሰደባትም። የሽቶው ጣፋጭ ሽታ ጉሮሮዋ ላይ ተለጠፈ።

ረፋዱ ላይ ተጋባዥ ጡረተኞቹ መጡ። አሥር ናቸው። ፎቶ ላይ ያረጀ ፊት ያምራል ብሎ ኃላፊው ራሱ ከዝርዝር የመረጣቸው ናቸው። በሩ ላይ አዲስ የጣት አሻራ ማንበቢያ ማሽን ተተክሏል። ሠራተኛው «ኮሚሽነር» የሚለው ዘበኛ፣ አንድ ቁልፍ የጎደለው ካፖርት ለብሶ፣ ማሽኑን የገዛው እሱ ይመስል ከጎኑ ተገትሯል። የመዝገብ ያዥዋ አሮጊት እናት ጣታቸውን አስቀመጡ፤ ማሽኑ ቀይ አበራ። ሌላ ጣት፤ ቀይ። አሥሩንም ሞከሩ። ጣቶቻቸው እንደ ተላጠ እንቁላል ልሙጥ ናቸው፤ መስመር የሚባል ነገር የላቸውም።

«እናቴ፣ ጫን አድርገው እስኪ ይሞክሩት።»

«ከዚህ በላይ ብጫነው እሰብርብሃለሁ።»

«አላውቃቸውም ይላል እኮ ማሽኑ።»

«እኔም አላውቀውም፤ ምን ችግር አለ? በዚህ በር ሠላሳ አንድ ዓመት ገብቻለሁ፤ አዲሱ እሱ ነው።»

ከኋላ የቆሙት ጡረተኞች ሳቁ። ሰልፉ ቆመ። ዘበኛው ጆሮውን አሻሸና «ትእዛዝ ነው እናቴ» አለ። መዝገብ ያዥዋ ሮጣ ደርሳ በራሷ ጣት አስገባቻቸው። መዝገቡ ላይም የገባችው እሷ እንደሆነች ተጻፈ፤ የእናቷ መግባት የትም አልተጻፈም። ጠረጴዛው ጋ አንዲት ወጣት ለየጡረተኛው ቢጫ መቀነት በትከሻው ላይ አጠለቀችለት። «ሕያው ቅርሳችን» የሚል ተጽፎበታል። አሮጊቷ አንገታቸውን አዘንብለው አነበቡትና ጎናቸው ላለው የቀድሞ መካኒክ «ገና አልሞታችሁም ለማለት ነው?» አሉት። መካኒኩ «ካልሞትን እስቲ በሚቀጥለው ዓመትም ይጥሩን» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ማሽን ተከፍቷል። ጡረተኞቹን ከሥራ አስኪያጁ ጀርባ በሁለት ረድፍ ደርድረው አስቀመጧቸው፤ አጭሩን ወደ ፊት፣ ረጅሙን ወደ ኋላ፣ ሳል የያዘውን ወደ ዳር። መዝገብ ያዥዋ «ሊያማቸው ይችላል» ብላ ሰበብ ፈጥራ ከእናቷ አጠገብ ወንበር አስገባች። ኃላፊው መድረክ ላይ ወጥቶ ተናገረ። መሥራቹ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ አጥተው ስለ ድሃው ቤት ያስቡ እንደነበር፣ አንድ ቀን እርሳስ አንስተው ይህችን ሳሙና እንደሳሏት፣ ዘመኑ ግን ስላልገባው ሐሳባቸው በምድር ቤት ተረስቶ እንደቀረ ተናገረ። ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ፤ ዓይኑን በጣቱ ነካ። በልምምድ ጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ሲሰበር መዝገብ ያዥዋ ሰምታዋለች። ከዚያ መጋረጃው ተገፈፈና ሥዕሉ ከጣራ እስከ ወለል ታየ።

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። መዝገብ ያዥዋ ጎን ለጎን ሆና የሚያዩትን ሳይሆን እሳቸውን ታያለች። ደረቷ ላይ ያለው ወረቀት በላብ ርሶ ከቆዳዋ ጋር ተጣብቋል።

«ማን ነው የሳለው አለ?» ሲሉ በሹክሹክታ ጠየቁ።

«መሥራቹ ናቸው ይላል።»

«እንዴት ያለ ጥሩ እጅ ነበራቸው» አሉ አሮጊቷ። 

ሥራ አስኪያጁ ዞር ብሎ «ከአንጋፋዎቻችን አስተያየት የሚሰጥ ካለ» ሲል መዝገብ ያዥዋ እግሯን ሰብስባ ልትነሣ ተዘጋጀች። መድረኩ ጥግ ላይ የቆመችው ልጇ አየቻት። ልጅቷ አልተቆጣችም፣ አልጠቀሰችም፤ ከንፈሯ ብቻ ደረቀ፤ የመግቢያ ፈተና ውጤት በተለጠፈ ዕለት ሰሌዳው ፊት ስትቆም እንደደረቀው። እናትዬዋ እግሯን መልሳ ዘረጋች። አንድ ሰው አጨበጨበ፣ አዳራሹ ተከተለው። እሷም አጨበጨበች። የገዛ መዳፎቿ ሲጋጩ የሚያወጡትን ድምፅ ስትሰማ፣ ሰው ቤት ገብታ አልጋ ላይ የተፋች ያህል ራሷን ተጸየፈች። እጇን ግን ማቆም አልቻለችም፤ ሁሉም ካቆመ በኋላ እንኳ ሁለቴ አጨበጨበች።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይ ገና በመስኮቱ ትገባለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የውሃ መያዣ ባልዲዎች በሩ ሥር ተደርድረዋል፣ የጎረቤት ሬዲዮ በግድግዳው በኩል ይሰማል። አሮጊቷ ቢጫውን መቀነት አውልቀው አጣጥፈው ለወለል መወልወያ ይሆናል ብለው ከባልዲው አጠገብ አኖሩት። ከዚያ የስጦታ ሳጥኑን ከፈቱ። ሳጥኑ ውስጥ ገለባ የሚመስል የተቆራረጠ ወረቀት፣ ወረቀቱ ውስጥ ሐር መሳይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ውስጥ አንዲት ሳሙና። ሱቅ ስትቀርብ ዋጋዋ የተራው ሳሙና አራት እጥፍ ነው ተብሏል። ለድሃ ቤት ተብላ የተሳለችውን ሳሙና ድሃ ቤት የሚያስገባት ስጦታ ብቻ ነው። አሮጊቷ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዘዋት ቀረቡ፤ በልሙጥ ጣታቸው ዙሪያዋን ዳሰሱ። ጎድጓዳው ከላይ ነው፤ በውስጡ የመሥራቹ ማኅተም ታትሟል። ሳህን ላይ አስቀምጠው በጣሳ ትንሽ ውሃ አፈሰሱባት። ውሃው ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ እዚያው ተኛ።

«ገልብጠውታል» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበር፤ የተሰረቀ ሰው ቁጣ ግን አልነበረም፤ ሥራው የተበላሸበት ባለሙያ ቁጣ ነበር። «ጎድጓዳው ከታች ነበር እኮ። ከታች ሲሆን ነው ከሳህኑ ከፍ ብሎ፣ አየር አግኝቶ የሚደርቀው። አሁን ውሃ ማጠራቀሚያ ነው ያደረጉት። በሁለት ቀን ንፍጥ ይሆናል። ጽፌው ነበር። ቦታ ስላጣሁ ከጀርባ ነው የጻፍኩት፤ ላይኛው ጀርባ ላይ ደንባቸውን አትመውበታል፣ ባዶ የነበረው ታችኛው ነው።»

መዝገብ ያዥዋ እጇን ደረቷ ውስጥ ከትታ ወረቀቱን አወጣች። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ስታይ ውላ ጀርባውን አንዴ እንኳ አልገለበጠችውም። አሁን ገለበጠችው። በእነዚያ ክብ ክብ ፊደላት፣ በላብ ፈዞ፣ «ማሳሰቢያ፤ ጎድጓዳው ወደ ታች ይሁን። ወደ ላይ ከሆነ ውሃ ይቋጥራል፣ ሳሙናው ይበላሻል» ይላል። ስሙን ቀድደው ሲጥሉ ዋናውን ነገር አብረው ጥለውታል። 

«የጻፍሽውን ለምን አልነገርሽኝም እማ?»

«ምን ብዬ? ለሰባት ዓመት ልጅ? ከዚያ አደግሽ፣ እዚያው ተቀጠርሽ። በሚያበላሽ ወሬ ልጀምርልሽ?» አሮጊቷ ቀይ ጽሑፉን በጣታቸው ዳሰሱት። «መሥራቹ ጠርቶኝ ነበር። ሳሙናው ካልሟሟ ምን ልንሸጥ ነው ብሎ አፈጠጠብኝ። መልስ አጣሁለት። እስከ ዛሬ መልስ ስፈልግ ነበር።»

በሩ ተከፈተና ልጅቷ ገባች። ውሏን ፈርማለች፤ ከደጅ ጀምሮ «ፈረምኩ!» እያለች ነው የመጣችው። አያቷን ሳመች፣ እናቷን ሳመች፤ ከዚያ የሁለቱን ፊት አየች፤ ሳህኑን አየች፤ ወረቀቱን አየች። ስታነብ ፊቷ ቀስ እያለ ነጣ። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፤ ሳሙናው ከየሱቁ ተበላሽቶ ሲመለስ ጥፋቱ ከላይ ወደ ታች ተንከባሎ ማን ላይ እንደሚያርፍ ወዲያው ገባት። ወረቀቶቹን ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት።

«ስጪኝ እማዬ። ዋናው ምርት የሚጀምረው ሰኞ ነው፣ ይደርሳል። ጀርባውን ብቻ ፎቶ አንስቼ ልላክላቸው። ፊቱ አይታይም።»

መዝገብ ያዥዋ ወረቀቱን አልለቀቀችም። የልጇ ስም ከበሩ ማሽን ላይ ሲሰረዝ ታያት፤ ልጅቷ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ፣ ኮሚሽነር ካርቶኑን ሲፈትሽ። ሁሉንም አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችው እንዲህ ያለውን ነገር ነው፤ አሁን ግን ከዚህ የባሰ ነገር ጠዋት ኮሪደር ላይ ሽቶ ሲረጭባት የደረሰባት መሰላት።

«ከነፊቱ ከሆነ ውሰጂ» አለች።

«ከነፊቱ? ይሄን ቀይ ጽሑፍ ነው የማሳያቸው? በፈረምኩ በሰዓቱ?»

«ከነፊቱ።»

«እማዬ፣ ጅል አትሁኚ! ለማን ብለሽ ነው?» ልጅቷ ወደ አያቷ ዞረች። «እማማ፣ በናትሽ አንቺ ንገሪያት። ሳሙናው እኮ ይሟሟል!»

አሮጊቷ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በቀሚሳቸው ጫፍ እያደረቁ ነበር። አሥሩንም ጨረሱ።

«ይሟሟ እንጂ የኔ ልጅ» አሉ። «ካልሟሟ ምን ሊሸጡ ነው?»

እናትዬዋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው፤ ስሙ ወደ ላይ ነው። ልጅቷ ስልኳን እንደያዘች ቆመች። አንዴ እጇን ዘረጋች፣ መለሰች። ጎረቤት ሬዲዮውን አጠፋ። ሳህኑ ላይ ሳሙናዋ ውሃዋን እንዳቆረች ተቀምጣለች። ጎድጓዳው ውስጥ የመሥራቹ ማኅተም ጠርዙ ላልቶ፣ ነጭ ዝልግልግ ሆኖ መነሣት ጀምሯል። ውሃውን ለመድፋት ማንም አልተነሣም።